ትኋን ያስቸገራችሁ፣ ዛሬ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምተዳደረው በተባይ ማጥፋት ሥራ ነው። በረሮውንም አይጡንም ሰው ይለምደዋል፣ እንደ ትኋን ሰውን እንቅልፍ ነስቶ የሚያስለቅስ ግን አላየሁም። ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቀዋል፣ ሲደበቅ ደግሞ ይራባል። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስነሳ ክንዴ ላይ ተደርድሮ ያበጠ ነገር አያለሁ። ባለቤቴን ግን ምንም አልነካውም። ትኋን ነው?

መልስ፦ በንክሻው ብቻ አትፍረጂ እህቴ፣ የቁንጫም የትንኝም ሊመስል ይችላል። ባለቤትሽም አልተነከሰም ማለት አይደለም። ቢነከስም ምንም ምልክት የማይወጣበት ሰው አለ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው የሚያብጠው። ራሱን ትኋኑን ፈልጊው። ባትሪ አብሪና የፍራሹን ስፌት በጣትሽ እየገለጥሽ ዙሪያውን ሂጂ፣ ከዚያ የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የራስጌውን ጀርባ እዪ። በእስክሪብቶ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካገኘሽ ኩሱ ነው። ገፎ የጣለው ስስ ቆዳና 1 ሚሊሜትር የምታህል ነጭ እንቁላልም ምልክት ናቸው። ያደገው ትኋን 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ቡናማና ጠፍጣፋ፣ ደም ሲጠግብ ግን ይነፋና ይቀላል።

ጥያቄ፦ ቤቴን በየቀኑ ነው የማጸዳው። ከየት መጣብኝ?

መልስ፦ ከንጽህና ጋር ምንም አያገናኘውም። ፍርፋሪ አይፈልግም፣ የሚፈልገው ደም ነው። አይበርም፣ አይዘልም፣ ሰው ነው ተሸክሞ የሚያመጣው፦ በሻንጣ፣ በቦርሳ፣ በአሮጌ ሶፋ። ዕቃ የበዛበት ቤት መደበቂያ ያበዛለታል እንጂ ትኋን አይፈጥርም።

ጥያቄ፦ ፍሊት ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ለሳምንት ይጠፋና ይመለሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዛሬ ሁሉም እንዲያነበው የምፈልገው ይሄን ነው። ከሱቅ የሚገዛው ፍሊት በአብዛኛው ፓይሬትሮይድ የሚባል የመድኃኒት ዓይነት ነው፣ ትኋን ደግሞ በብዙ የዓለም ክፍል ይህን መድኃኒት ተላምዶታል። አየር ላይ የነፋኸው ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀውን አያገኘውም። ያልሞተው ሸሽቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፣ አንድ ክፍል የነበረው ችግር ሁለት ክፍል ይሆንብሃል። እንቁላሉም ብዙ ጊዜ በመድኃኒቱ አይሞትም፣ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ይፈለፈላል። ተመለሰ ያልከው እንግዲህ ይሄ ነው፣ መጀመሪያውኑ አልሄደም።

ትኋን የማይቋቋመው ሙቀትን ነው። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የትራስ ልብሱን፣ አልጋው አጠገብ ያለውን ልብስ ሁሉ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ፌስታል ውስጥ ክተትና ቋጥር፣ እያራገፍክ በቤቱ ውስጥ አትዙር። በ60 ዲግሪ ውኃ እጠበው። ማድረቂያ ማሽን ካለህ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ ይዙር። የታጠበውን አዲስ ፌስታል ውስጥ አስረህ አስቀምጥ። ፍራሹንና አልጋውን በቫኪዩም ሳበው፣ የሰበሰብከውንም ወዲያው አስረህ ከቤት አውጣ። የእንፋሎት ማሽን ካገኘህ ስፌቱንና ስንጥቁን በጣም ቀስ እያልክ ሂድበት፣ ከቸኮልክ ሙቀቱ ውስጥ አይገባም። ከዚያ አልጋውን ከግድግዳ አርቀው፣ አንሶላው ወለል አይንካ፣ በእያንዳንዱ እግሩ ሥር ጎኑ ልሙጥ የሆነ ሰሃን አድርግ። የገባው መውጣት ያቅተዋል፣ አንተም ጠዋት ጠዋት ትቆጥራለህ። መድኃኒት ካስፈለገ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባና ለትኋን የተፈቀደ ይሁን፣ የሚረጨውም ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉንም ድገመው። የሚሸነፈው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ዙር የሚተወው ነው።

ጥያቄ፦ ላምባ ብቀባበትስ? እናቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር።

መልስ፦ አደራ፣ አይሆንም። እሳት ነው። ላምባ የተረጨበት ፍራሽ ላይ ሕፃን ተኝቶ ያገኘሁበት ቤት አለ፣ እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። የእርሻ ፀረ ተባይም ቤት ውስጥ እንዳታስገቡ።

ጥያቄ፦ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣትስ?

መልስ፦ አይበቃም። ላዩ ሲሞቅ ትኋኑ ወደ ሥሩ ይገባል። ጫማ፣ መጽሐፍ፣ የማይታጠብ ነገር ካለ ግን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 4 ቀን አቆዩት።

ጥያቄ፦ ለአንድ ወር ቤቱን ዘግተን ብንሄድ በረሃብ አይሞትም?

መልስ፦ አይሞትም። ሳይበላ ወራት ይቆያል፣ ቅዝቃዜ ካለ ከዚያም በላይ። ሳሎን ሄዶ መተኛትም ያው ነው፣ ትንፋሻችሁንና ሙቀታችሁን ተከትሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ልጅ አለኝ። በሽታ ያስተላልፍባታል?

መልስ፦ አይዞሽ። ትኋን በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። የሚያስፈራው ስትቧጥጠው ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ነው፣ ጥፍሯን አሳጥሪላት፣ ካመረቀዘ ሐኪም ይያት። አልጋዋ ላይ ምንም መድኃኒት እንዳይረጭ። ለእሷ እጥበትና እንፋሎት ብቻ።

ጥያቄ፦ ፍራሹን አውጥቼ ልጣለው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፣ አዲሱም እዚያው አልጋ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዙሪያውን የሚዘጋ ዚፕ ያለው የፍራሽ ልብስ አልብሰውና አንድ ዓመት አትክፈተው። የግድ ከጣልከው ጠቅልለህና ቀድደህ ጣለው፣ ሌላ ሰው አንስቶ ቤቱ እንዳይወስደው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ለጎረቤት መናገር አፈርኩ።

መልስ፦ ንገሪያቸው። በቧንቧና በኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳ ከቤት ቤት ያልፋል፣ አንቺ ብቻሽን ብታጠፊው ከእነሱ ይመለሳል። እኔ ስንት ቤት ገብቻለሁ፣ አንዱ ደፍሮ ሲናገር ጎረቤቱም “እኛም አለን” ይላል።

ጥያቄ፦ አለቀ የምለው መቼ ነው?

መልስ፦ ንክሻው ስለቆመ ብቻ አይደለም። የእግር ሰሃኖቹን በየሳምንቱ ተመልከት፣ ስፌቱን በባትሪ እይ። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ትኋን፣ አንድም አዲስ ነጥብ ካላየህ ያኔ አልጋውን ወደ ግድግዳው መልሰው።