የጾም ቡፌ እና ክብደት

ክብደት እንዳትጨምሪ ብለሽ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ረቡዕና አርብ የጾም ቡፌ መሄዱን አትተዪ፤ የምግብ አነሳስሽን ብቻ ለውጪ።

ሳህን ሳትይዢ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር እዪው። ከዚያ ግማሹን ሳህን በጎመን፣ በፎሶልያና በሰላጣ ሙዪው። ምስር ወይም ሽሮ ጨምሪ፣ አንድ ጥቅል እንጀራ ይበቃል። ሩዝና ፓስታው ይቅር፣ እቤትሽም አለ። ስትጨርሺ ወዲያው አትነሺ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወቺ፣ አሁንም ከራበሽ ትደግሚያለሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ዘይቱን። እኔ “ጾም ነው፣ ምን ያወፍራል” እያልኩ ሁለት ሳህን እበላ ነበር። አንድ ቀን እንጀራውን ሳነሳው ከሥሩ ቀይ ዘይት ተኝቶ አየሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው! ስለዚህ ስትቀጂ ጭልፋውን ዕቃው ጠርዝ ላይ ዘንበል አድርጊና ዘይቱ ይንጠፍጠፍ።