በጃንጎ አድሚን ብዙ መርጦ ማጥፋት፦ ፎቶዎቹ ለምን ይቀራሉ?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው። የኪራይ ቤቶችን በምትመዘግብበት የጃንጎ (በፓይተን የተጻፈ የድረ ገጽ መሥሪያ) ሥራህ ላይ፣ በአድሚኑ (ጃንጎ በሚሰጥህ የአስተዳዳሪ ገጽ) አንድን ቤት ከፍተህ ስታጠፋ ፎቶው አብሮ ከዲስኩ ይጠፋል፤ ከዝርዝሩ ሠላሳ አርባ ቤት መርጠህ በአንድ ጊዜ ስታጠፋ ግን ፎቶዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ሁለተኛው ጥያቄህ ይህን የጅምላ ማጥፊያ ከጀማሪ ሠራተኞች እጅ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ነው። ስሞቹን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ በኮዱ ላይ በቃላቱ መካከል የስር ሰረዝ ታስገባለህ፤ በ«ትራንዛክሽን አቶሚክ» እና በ«አድሚን አክሽን» ላይ ግን ነጥብ ነው።

ምክንያቱ አጭር ነው። አንዱን ብቻ ስታጠፋ አድሚኑ የሞዴልህን (የመዝገቡን ዓይነት የሚገልጸውን ኮድ) «ዲሊት» ይጠራል፤ ፎቶውን ከዲስኩ የሚያጠፋው ኮድህም እዚያ ውስጥ ስላለ ሥራውን ይሠራል። በጅምላ ስታጠፋ ግን የሚጠራው የኩዌሪሴቱ (ከዳታቤዙ የተመረጡት መዝገቦች ስብስብ) «ዲሊት» ነው። እሱ ደግሞ አንተ በሞዴሉ ላይ የጻፍኸውን አይጠራም። የጃንጎ ሰነድ ይህንን በግልጽ ያስጠነቅቃል። እኔም ያነበብሁት ከተቃጠልሁ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የመጋዘን መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል። (በጃንጎም «ሞዴል»፣ በመጋዘኑም «ሞዴል»፤ በስብሰባ ላይ ስንቱን ግራ እንዳጋባን አትጠይቀኝ።) የገቢ መዝገብ ሲጠፋ ከቀሪው ላይ እንዲቀነስ በ«ዲሊት» ውስጥ ጽፌያለሁ፤ አንድ በአንድ እያጠፋሁም ሞክሬዋለሁ። ሥራ ላይ ሲውል አንዲት ጸሐፊ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ደረሰኞችን አገኘች፤ ድጋሚዎቹን መርጣ በአንድ ጊዜ አጠፋቻቸው። ያደረገችው ትክክል ነበር። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ኮምፒውተሩ 64 ካርቶን ወረቀት አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 40 ነው። መጋዘን ጠባቂው ላብ በላብ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶን ሲቆጠር፣ ሰውየውን በጎን ዓይን የሚያየው ሲበዛ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የነገረኝ አድሚኑ ራሱ የሚይዘው የድርጊት መዝገብ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን እንዳጠፋ ተጽፎ ነበር። ጠባቂውን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ወደ መፍትሔው ልምጣ። ከጃንጎ 2.1 ጀምሮ በሞዴል አድሚንህ (ሞዴሉ በአድሚኑ እንዴት እንደሚሠራ የምትጽፍበት ክላስ) ላይ «ዲሊት ኩዌሪሴት» የሚባል ሜተድ መጻፍ ትችላለህ። ከብራውዘሩ የመጣውን ጥያቄና የተመረጡትን መዝገቦች ይቀበላል፤ በውስጡ በየመዝገቡ እየዞርህ የእያንዳንዱን «ዲሊት» ትጠራለህ። አራት መስመር አይሞላም። ዙሩን ግን በ«ትራንዛክሽን አቶሚክ» (ወይ ሁሉም ይሆናል ወይ ምንም አይሆንም በሚለው) ውስጥ አስገባው፤ ያለዚያ በሃያኛው ላይ ስህተት ቢገጥምህ አሥራ ዘጠኙ ጠፍተው የቀሩት ይቀራሉ። በድርጊት መዝገቡ ላይ «ጠፋ» የሚለው የሚጻፈው መዝገቡ ከመጥፋቱ በፊት መሆኑንም እወቅ፤ ማጥፋቱ መሐል ላይ ቢከሽፍ ያልጠፋውም ጠፍቷል ተብሎ ተጽፎ ልታገኘው ትችላለህ።

ለአንተ ጉዳይ ግን ይህን መንገድ አልመርጠውም። ፎቶዎቹ በራሳቸው ሞዴል ተመዝግበው ከቤቱ ጋር በፎሪን ኪይ (አንዱን መዝገብ ከሌላው በሚያያይዝ ፊልድ) ቢያያዙ፣ ቤቱ ሲጠፋ ፎቶዎቹ ተከትለው የሚጠፉት የእነሱ «ዲሊት» ሳይጠራ ነው፤ አንድ በአንድ ብታጠፋም እንኳ። ዛሬ በአንድ ቤት አንድ ፎቶ ቢሆን ነገ አምስት ፎቶ የሚል ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም። «ፖስት ዲሊት» የሚባለው ሲግናል (መዝገብ ሲጠፋ ጃንጎ የሚልከው ማሳወቂያ) ግን በአንዱም፣ በጅምላውም፣ ተከትሎ በሚመጣውም መጥፋት ይላካል። ፎቶውን ከዲስኩ የማጥፋቱን ሥራ ወደዚያ አዛውረው። ፋይሉንም እዚያው ወዲያው አታጥፋ፤ «ኦን ኮሚት» (ዳታቤዙ ለውጡን ካጸደቀ በኋላ የሚሠራው) ላይ አስይዘው። ዳታቤዙ ሥራውን ወደ ኋላ ቢመልስ መዝገቡ ይመለሳል፣ የጠፋ ፎቶ ግን አይመለስም። ጃንጎ ከ1.3 ጀምሮ ፋይሎችን በራሱ ማጥፋት የተወው በዚሁ ዓይነት ፍርሃት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ስንመጣ፣ ጀማሪዎቹ ጨርሶ ማጥፋት የማይገባቸው ከሆነ የማጥፋት ፈቃዱን ከግሩፓቸው አንሳ፤ ከ2.1 ወዲህ ፈቃድ የሌለው ሰው ማጥፊያውን ከምርጫው ውስጥ አያየውም። አንድ በአንድ ያጥፉ፣ በጅምላ ግን አይንኩ የምትል ከሆነ «ጌት አክሽንስ»ን (ተጠቃሚው የሚያያቸውን ድርጊቶች የሚመልሰውን ሜተድ) ጽፈህ፣ ተጠቃሚው ሱፐርዩዘር (ሙሉ ፈቃድ ያለው) ካልሆነ «ዲሊት ሰለክትድ» የሚለውን ከሚመለሰው ዲክሽነሪ አውጣው። የድርጊቶቹን ዝርዝር «አክሽንስ»ን «ነን» (በፓይተን «ምንም» ማለት ነው) የሚያደርጉ አሉ፤ እሱ ራስህ የጻፍሃቸውን ድርጊቶችም ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

እኔ ከዚያ ቆጠራ በኋላ ማጥፋትን ከመጋዘኑ ጨርሼ አወጣሁት። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ እንደነገሩኝ በወረቀቱ ዘመን የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ ይሰረዝና ይፈረምበታል። ስለዚህ «የተመረጡትን ሰርዝ» የሚል የራሴን ድርጊት ጻፍሁ፤ ከ3.2 ጀምሮ «አድሚን አክሽን» በሚለው ዲኮሬተር (ከፈንክሽኑ በላይ በሚጻፍ መስመር) ስሙንና የሚጠይቀውን ፈቃድ በአንድ መስመር ትሰጠዋለህ። መዝገቡ ይቀመጣል፤ የሰረዘው ሰውና ቀኑ ይያዛሉ። እዚህ ላይ «አፕዴት» ከተጠቀምህ እሱም «ሴቭ»ን አይጠራም፣ የ«ሴቭ» ሲግናሎችንም አይልክም፤ ቀሪ ሒሳብህ እዚያ ላይ ከተንጠለጠለ ከወጣህበት ጉድጓድ ተመልሰህ ገባህ ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን ስንፍና ይዞኝ አዲስ ድርጊት ከመጻፍ «ዲሊት ኩዌሪሴት»ን ብቻ ቀይሬ ማጥፋቱን መሰረዝ አድርጌው ነበር። ሥራው ይሠራል፤ የማረጋገጫው ገጽ ግን ስለ ለውጡ አያውቅም። ኃላፊዋ ደውለው «ልጄ፣ ስድስት ደረሰኝ ብመርጥ መቶ ዝርዝር አብሮ ይጠፋል ይለኛል፤ ልጫነው ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ምንም እንደማይጠፋ ብነግራቸው ማሽኑን እንጂ እኔን አላመኑም፤ እውነት አላቸው። በ«ፕሮቴክት» የታሰረ (የተያያዘ መዝገብ እያለ ማጥፋትን የሚከለክል) ግንኙነት ካለ ደግሞ ገጹ ጭራሽ አያሳልፍህም። በዚህ መንገድ ከሄድህ ገጹ የሚያሳየውን ዝርዝር የሚያዘጋጀውን «ጌት ዲሊትድ ኦብጀክትስ»ንም አብረህ ጻፈው፤ አንዱን ከፍቶ ማጥፋት የሚያልፍበትን «ዲሊት ሞዴል»ንም እንዲሁ።

ከሺህ በላይ መዝገብ መርጦ ለማጥፋት የሚሞክር ሰው የማረጋገጫው ቁልፍ ላይ 400 ስህተት ሊገጥመው ይችላል። ገጹ ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ የተደበቀ ፊልድ ይይዛል፤ ጃንጎ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ቁጥር ካልቀየርኸው 1000 ነው። ቁጥሩን በሴቲንግስ ከፍ ማድረግ ይቻላል። እኔ አላደርገውም፤ ያን ያህል የሚያጠፋ ሰው በኮማንድ (በተርሚናል በሚጻፍ ትእዛዝ) ያጥፋ።

እስካሁን ዲስኩ ላይ የቀሩትን ፎቶዎች ለማጽዳት ማኔጅመንት ኮማንድ (በጃንጎ ሥራህ ውስጥ ራስህ የምትጽፈው የተርሚናል ትእዛዝ) ጻፍና በፎልደሩ ያሉትን ስሞች በዳታቤዙ ካሉት ጋር አስተያይ። መጀመሪያ ባለቤት የሌላቸውን ስም ብቻ ያትም፤ ምንም አያጥፋ። ዝርዝሩን በዓይንህ ካየኸውና ፎልደሩን ሌላ ቦታ ከገለበጥኸው በኋላ የማጥፊያውን መስመር ጨምር።