ስለ ገውዝና ስለ ጃቪትሪ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ከህንድ ሱቅ የገዛሽው ሙሉ ገውዝ (ነትሜግ የሚባለው ቅመም) ላዩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ሻጋታ ይሆን ወይ፣ «ጃቪትሪ» ተብሎ የሚሸጠው ብርቱካናማ ነገርስ ምንድን ነው፣ ለ1 ኪሎ ቅቤ ስንት ይበቃል ብለሻል።

ገውዝም ጃቪትሪም የአንድ ፍሬ ናቸው። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ ለሁለት ይሰነጠቃል። ዘሩን እንደ መረብ የሸፈነው ደማቅ ቀይ ነገር ሲደርቅ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ጃቪትሪ እሱ ነው። ከዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ የሚወጣው ደግሞ ገውዝ ነው።

ነጩ ዱቄት ብዙ ጊዜ ነጋዴ ከነቀዝ ለመከላከል የሚነሰንሰው ኖራ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ ከለቀቀና ፍሬው መጥፎ ሽታ ከሌለው ችግር የለም። ሲቆረጥ የሚታየው ቡናማ ሥር መሳይ መስመርም የራሱ መልክ ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉር መሳይ ነገር ካየሽ፣ ወይም እምክ እምክ ከሸተተሽ ግን ሙሉውን ጣይው። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ገውዝ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ የተበላሸውን ቆርጠው ቢያወጡትም ሆነ ቢያበስሉት አይለቅም።

ጥሩ ገውዝ ለመጠኑ ከበድ ይላል፣ ቀዳዳ የለውም፣ በመርፌ ሲወጋ ቅባት ብቅ ይላል። ቀሎ የሚፈረፈር ከሆነ በችኮላ የደረቀ ሊሆን ይችላል። ዘሩ ከነቅርፊቱ ቀስ ብሎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መድረቅ አለበት፤ ሲነቀነቅ ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ የውስጡ ስብ ይቀልጥና መዓዛው አብሮ ይሄዳል።

ለ1 ኪሎ ቅቤ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ እዚያው በመፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀ ይበቃል። አረፋውን ከገፈፍሽ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ ከኮረሪማው ጋር ጨምሪው፤ ካረረ ይመራል። መጠኑ ከሩብ ማንኪያ ካለፈ ኮሰረቱንም ኮረሪማውንም ይውጣቸዋል። በገውዝ ፋንታ ጃቪትሪ ከመረጥሽ ሳትፈጪ አንድ ሁለት ቁራጭ ጣል አድርጊ፤ ስታጠልይው አብሮ ይወጣል። ሽታው ለስለስ ስለሚል እኔ ለአልጫ እሱን አስበልጣለሁ።

አደራ የምለው፣ ለእንቅልፍ ብለው ገውዝ በማንኪያ እየሰፈሩ ወተት ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ አይደረግም። አንድ ሙሉ ፍሬ 5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ያን ያህል በአንዴ መውሰድ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠንና የሌለ ነገር ማየት ያመጣል፣ ስሜቱም አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪው።

ሙሉው በታሸገ ዕቃ፣ ከብርሃን ርቆ ዓመታት ይቆያል። የተፈጨው ግን በጥቂት ወራት ሽታው ስለሚደክም አትግዢው።