ያረጀ ቀይ ወይን ልትገዙ ለምታስቡ ልጆቼ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ለእጮኛው አባት የገዛው ቀይ ወይን ነው። ፊቱ ግን ጥሩ አይደለም።

«ጋሼ፣ አሮጌ ነው ብለው አስወደዱብኝ። እስቲ ይዩት፣ 2015 ነው የሚለው። ገና ሦስት ዓመቱ ነው እኮ!»

ተቀብዬ አየሁት። የፈረንሳይ ወይን ነው። «ልጄ፣ ይሄ የፈረንጅ ዓመት ነው» አልኩት። ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው። ፈረንሳይ ደግሞ የሚለቀመው በአብዛኛው በመስከረም ነው። ስለዚህ የእኛ 2008 ሲገባ የተለቀመ ነው፣ አሥር ዓመት ሆኖታል። የደቡብ አፍሪካ ቢሆን መከሩ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ 2007 እንለው ነበር።

ልጁ ፊቱ በራ። «እንግዲያው ዋጋው ልክ ነዋ!»

«እሱን ገና አላልኩህም። ከሱቁ ከየት ላይ ነው ያነሱልህ?»

«ከመስኮቱ።»

ከዚህ በኋላ ያወራነውን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው። 38 ዓመት ሆቴል ቤት ሠርቻለሁ። በአስተናጋጅነት ጀምሬ የመጠጥ ስቶር ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። የምጽፈው 21 ዓመት ለሞላችሁ ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ በሕግም ክልክል ነው።

ብዙ ሰው ወይን ሁሉ በቆየ ቁጥር የሚጥም ይመስለዋል። በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን አብዛኛው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። የእኛን ጉደር ቁም ሳጥን ውስጥ አሥር ዓመት ብታስቀምጡት ያረጃል እንጂ አይበስልም። ዝዋይ ላይ የተተከለው የካስቴል ወይንም የመጀመሪያ ጠርሙሱ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። እሱን ገዝታችሁ በጊዜው ጠጡት፣ ደስ ይላል።

ዕድሜ የሚችል ወይን አሲድና ታኒን ይፈልጋል። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ዘር፣ አንዳንዴም ከእንጨት በርሜሉ ይመጣል። ብዙ የፈላ ጥቁር ሻይ ስትጠጡ ድዳችሁን ጨምድዶ ምላሳችሁን የሚያደርቀው እሱ ነው። ዓመታት ሲያልፉ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብድና ከቀለሙ ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። ወይኑ ይለሰልሳል። ደማቁ ወይን ጠጅ ቀለም ወደ ሸክላ መልክ ይሄዳል። የፍሬው ሽታ ይቀንስና የቆዳ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የትምባሆ፣ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ ይመጣል። ይህን ሽታ የማይወድ ሰው ሞልቷል፣ ነውርም የለበትም። የማይወድ ሰው ግን ለዕድሜው ብሎ የከፈለው ብር ሁሉ ከንቱ ነው።

አንድ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። እሠራበት ወደነበረው ሆቴል አምስት ሆነው አንድ ቤተሰብ መጡ። ልጃቸው ከስድስት ኪሎ የተመረቀች ቀን ነው። አባትየው ኮታቸውን ሳያወልቁ «ዛሬ ጥሩ ነገር አምጣልን» አሉኝ። እኔም ከስቶሩ በዕድሜ ትልቁን ጠርሙስ አነሳሁ። ስቶሩ ከኩሽናው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳው ቀን ሙሉ ይሞቃል። ጠርሙሱ ደግሞ ለዓመታት ቆሞ ነው የከረመው። ቡሹ ደርቆ ኖሮ መክፈቻውን ስስብ ግማሹ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ስቀዳው መልኩ የቡና እጣቢ ይመስላል። የተቀቀለ ዘቢብና የኮምጣጤ ሽታ አለው። አባትየው አንዴ ጎንጨት አሉና «ጥሩ ነው» አሉ። ልጅቷ ብርጭቆዋን አልነካችውም። ሒሳቡን ሙሉውን ከፍለው ሄዱ። «ይቅርታ፣ ተበላሽቷል» ብዬ መመለስ ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ። ጠርሙሱን ስመርጥ ዓመቱን አንብቤ ነበር። የት እንደከረመ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ያረጀ ወይን ዋጋ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የማነሳው አያያዙን ነው። ወይን የሚመቸው 12 ወይም 13 ዲግሪ የሆነ፣ ጨለማ፣ ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ ቦታ ነው። ተኝቶ መቀመጥ አለበት፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች በዚህ በኩል ታድለናል። የሚያሰጋው መንገዱ ነው። አብዛኛው ዕቃ የሚገባው በጅቡቲ ነው፤ እዚያ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት የቆየ ወይን እዚህ ሲደርስ ላይ ላዩን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ባለሱቁን መቼ እንደገባና ስቶር ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ጠይቁት። ዕቃውን የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ብትጠይቁት ደስ ይለዋል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፓሪስ ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ አሳየኝና «ዘረፉኝ» አለ። ይሄ ፍርድ ልክ አይደለም። ጉምሩክ አለ፣ ኤክሳይስ ታክስ አለ፣ 15 በመቶ ቫት አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ ነው የሚወሰነው። እኔ የማነጻጽረው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የዚያው አምራች ወጣት ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ካለ ሁለቱም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ቀረጥ ነው የመጡት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዕድሜ ዋጋ ነው። እንበል ወጣቱ 3000 ብር፣ የአሥር ዓመቱ 9000 ብር ነው። ገንዘብ በዓመት 7 በመቶ ቢወልድ በአሥር ዓመት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ እስከ 6000 ድረስ የመጠበቂያ ዋጋ ነው ብዬ እቀበላለሁ። የቀረችው 3000 የስም ናት ወይስ ወይኑ በእውነት ብርቅ ሆኖ? መልስ ካላገኘሁ አልገዛም።

በስም ላይ አንድ ታሪክ አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ቀማሾች የማን ወይን እንደሆነ ሳያዩ ቀምሰው የካሊፎርኒያ ቀይ ወይን ታላላቆቹን የፈረንሳይ ቦርዶ ወይኖች በለጠ። «አይቆይም፣ ሲያረጅ ይወድቃል» የሚሉ ነበሩ። በ2006 እነዚያው ቀይ ወይኖች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲቀመሱ አሁንም አንደኛ የወጣው ካሊፎርኒያ ነው።

ያረጀ ቀይ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ መቅመስ ለሚፈልግ የምመክረው የስፔኑን ሪዮሃ ነው። እዚያ ሕጉ ጥብቅ ነው። ቀይ ሪዘርቫ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 1 ዓመቱ በበርሜል። ግራን ሪዘርቫ ደግሞ 5 ዓመት፣ ቢያንስ 2ቱ በበርሜል። ቆይታው ሕጉ በሚቆጣጠረው በአምራቹ ጓዳ ስለሆነ ለዚያ ብከፍል አይቆጨኝም። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን «ሪዘርቭ» የሚለው ቃል ጠርሙሱን ከማሳመር ያለፈ ትርጉም የለውም፣ በእሱ አትታለሉ።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሱት። ወይኑ አንገቱ ላይ ከደረሰ ጥሩ ነው። ወደ ትከሻው ከወረደ በቡሹ በኩል አየር ገብቷል፣ ተዉት። ቡሹ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ዙሪያው በፈሰሰ ወይን ከተጣበቀ ሙቀት መትቶታል። ቤት ወስዳችሁ ስትከፍቱት የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ ነው ያበላሸው፤ ሳትጠጡት ከነደረሰኙ መልሱት። ከታች የዘቀጠ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት አቁሙትና ጀበና እንደሰከነ ቡና ቀስ አድርጋችሁ ቅዱት። ከተከፈተ በኋላ አታሳድሩት፣ በጣም ያረጀ ወይን በሰዓታት ውስጥ ይደክማል።

ልጁ ወደ ሱቁ ተመለሰ፣ እኔም ተከተልኩት። ከሰዓት በኋላ ያ መስኮት ፀሐይ በፀሐይ ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። ባለሱቁ ሳያንገራግር ከውስጥ ስቶር፣ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ የከረመውን ቀየረለት። በእጄ ነካሁት፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወይኑም አንገቱ ላይ ነው። ዋጋውም ከዚያው አምራች ወጣት ጠርሙስ ዋጋ እጥፍ ትንሽ ያንሳል። «ይሄን ውሰድ» አልኩት። «ዶሮ ወጥ ላይ ግን እንዳይከፍቱት ንገራቸው፣ በርበሬው ይውጠዋል። ለጥብስ ያቆዩት።» ጋዜጣውን መልሶ ጠቀለለውና ታክሲ ውስጥ ገባ። ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይዞታል።