የሞተሩን ኮምፒውተር በቡድን ለምትፈቱ ልጆች

ውድ ልጆች፣

የመኪና ሞተር ኮምፒውተር፣ ማለትም ኢሲዩ፣ ከፍታችሁ አሠራሩን ከቦርዱ ላይ ለማንበብ ተሰባስባችሁ መነሣታችሁ በጣም ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ሙያ ነውና አንድ ነገር ልለምናችሁ። የለካችሁትንና የገመታችሁትን አትቀላቅሉ።

ብቻውን የሚሠራ ሰው ጥርጣሬውን ራሱ ያውቀዋል። በቡድን ግን አንዱ ቦርዱ ላይ ያለ መስመር አይቶ «የኢንጀክተር፣ ማለትም የነዳጅ መርጫው፣ መስመር ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ሌላው የቦርዱን መስመሮች በምትሥሉበት ሥዕል ላይ «የኢንጀክተር መስመር» ብሎ ይጽፈዋል። ሦስተኛው ያንን አምኖ ሳምንቱን ሙሉ ይለፋል። ጎበዝ ልጆች ተሰባስበው ሥራው የሚበላሽባቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ማን እንደለካው ጻፉ። ያልተለካው በሌላ ቀለም ይሁን።

ምንም ሳትነቅሉ መጀመሪያ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ። የኋላውን ፎቶ ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ ከፊተኛው ላይ ብትደርቡት ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፤ መስመሮቹ የት እንደሚሻገሩም ታያላችሁ። ባለ ብዙ ንብርብር ቦርድ ከሆነ መሐል ያለው መስመር አይታይም። ያኔ መፍትሔው መልቲሜትር ነው፤ ሁለት ነጥቦች መገናኘታቸውን ጢጥ ብሎ የሚነግራችሁ የኤሌክትሪክ መለኪያ። ብዙ ቦርዶች እርጥበት የሚከላከል ቅብ አላቸው። የመልቲሜትሩ ጫፍ ቅቡን ካልበሳው የተገናኘውን አልተገናኘም ይላችኋል።

ጢጥ ስላለ ብቻም አትመኑት። ብዙ መልቲሜትሮች ጥቂት ኦም ብቻ ያለውን ሁሉ እንደ ቀጥታ ሽቦ ቆጥረው ይጮኻሉ። መሐል ላይ ከረንት የምትለካ ከ1 ኦም ያነሰች ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንትን የምትገታ ዕቃ፣ ብትኖር ሁለቱ ጫፎች አንድ ይመስሏችኋል። መስመሩን በዓይናችሁም ተከተሉት።

የመኪናው ሽቦዎች ከሚሰኩበት ሶኬት ጀምሩ፤ የሚታወቀው እሱ ነው። እኔ ብሆን የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር አስቀድማለሁ። ይህ ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። በብዙ መኪኖች 20 ዲግሪ ላይ 2.5 ኪሎኦም አካባቢ ሆኖ 80 ዲግሪ ላይ ወደ 300 ኦም ይወርዳል። ቦርዱ ላይ ደግሞ ከ5 ቮልት ወደ ሴንሰሩ ፒን፣ ማለትም ሽቦው ወደሚገባበት የሶኬቱ እግር፣ የምትመጣ ሬዚስተር ታገኛላችሁ። እሷም 2.5 ኪሎኦም ብትሆን በ20 ዲግሪ ፒኑ ላይ 2.5 ቮልት፣ በ80 ዲግሪ ግማሽ ቮልት ገደማ ይነበባል። የሴንሰሩ ሽቦ ቢበጠስ 5 ቮልት ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ በብርድ የደረቀ ይመስለዋል።

ይህን አንድ መስመር ከሶኬቱ እስከ ፕሮሰሰሩ እግር ድረስ በእርግጠኝነት ከያዛችሁ፣ ሶፍትዌሩን የሚያነቡት ጓደኞቻችሁ ያንን እግር የሚያነበውን ኮድ ፈልገው ቮልቱን ወደ ዲግሪ የሚቀይረው የሙቀት ሰንጠረዥ ጋ ይደርሳሉ። ሥዕል የሚሥሉትና ኮድ የሚያነቡት ተለያይተው መቀመጥ የለባቸውም የምለው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ቺፕ ላይ የፋብሪካው የራሱ ቁጥር ብቻ ስላለ ዳታሺት፣ ማለትም የአሠራሩ መግለጫ፣ አይገኝለትም። እሱንም ቢሆን የሚገልጠው ጎረቤቱ ነው፤ እግሮቹ ወደ ኢንጀክተሮቹ ከሄዱ ሥራው ይታወቃል።

የቆየ ኢሲዩ ከሆነ ፕሮግራሙ እንደ 27ሲ256 ባለ 32 ኪሎባይት ኢፕሮም ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ፕሮግራም የሚቀመጥበት፣ ጀርባው ላይ የመስታወት መስኮት ያለው ቺፕ ነው። መስኮቱን የሸፈነውን ወረቀት አትላጡ፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያጠፋዋል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያንብቡትና ፋይሎቹን አስተያዩ። አንድ ባይት እንኳ ከተለያየ ሥራው አልተጀመረም።

ሰው የሚነዳው መኪና ላይ ደግሞ አትሞክሩ። ለዚሁ ሥራ የተገዛ አሮጌ ቦርድ ይኑራችሁ።

ከመካከላችሁ «እንደገና ልለካው» የሚል ዘገምተኛ ልጅ ይኖራል። አታጣድፉት። ሥዕሉ አለቀ ስትሉም ለእሱ ስጡት። ራሱ ያልሣላቸውን መስመሮች መርጦ ከባዶ ይለካቸው። ያልገጠመውን መስመር ወደ ሌላው ቀለም መልሱት።