ለግዛት ምክር ቤት መወዳደር ለምታስቡ ወጣቶች

ይድረስ በኦንታሪዮ ለምትኖሩ ልጆቻችን፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። «ሚኒስትር ለመሆን ምን ልማር?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የትምህርቱ ዓይነት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ጠበቃም፣ መምህርም፣ ገበሬም ተመርጦ ሚኒስትር ሆኗል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ውሳኔው ከመነገሩ በፊት ከሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ለማሳየት የአንድን ሰው መንገድ እጠቀማለሁ፤ የቀድሞውን የኦንታሪዮ ፕሪሚየር (የግዛቱን መንግሥት መሪ) የቢል ዴቪስን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ። ሴኒካ ወይም ሴንቴኒያል ኮሌጅ የተማረ፣ በአለን ሮድ ሲነዳ መንገዱ ኤግሊንተን ላይ ድንገት አልቆበት በትራፊክ የተማረረ ሁሉ ግን የእጁን ሥራ ያውቀዋል።

ዴቪስ የብራምፕተን ጠበቃ ነበር። በ1959 ገና 29 ዓመቱ ሳለ በፒል የምርጫ ክልል ለፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ተወዳደረ። ወንበሩ ለዓመታት በፓርቲው እጅ የቆየ ስለነበር ቀላል ድል ይመስል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ፣ ኦታዋ ያለው የራሱ ፓርቲ መንግሥት አቭሮ አሮው የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሰረዘ። ፋብሪካው ያለው እዚያው ማልተን ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ በአንድ ቀን ሥራ አጣ። ዴቪስ አሸነፈ፣ ግን በ1,200 ድምፅ ገደማ ብቻ ነበር። ያልወሰነውን ውሳኔ ዕዳ ከፍሏል።

እናንተም ትከፍላላችሁ፤ ስለዚህ ምን የማን እንደሆነ ጠንቅቃችሁ እወቁ። ቪዛና ዜግነት የኦታዋ ነው። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያና የነርሶች የሥራ ፈቃድ ሕግ የግዛቱ ነው። ቆሻሻና የሠፈር መንገድ ደግሞ የከተማው። በሩን ከፍቶ ስለ ሚስቱ ቪዛ የሚያማርር ሰው «የእኔ ሥራ አይደለም» ከተባለ ያ ድምፅ ሄደ። የፌዴራሉን እንደራሴ ቢሮ ስልክ በኪሳችሁ ያዙና ስጡት፤ ከዚያ ስለ ግዛቱ ጉዳይ ይሰማችኋል።

ወደ እጩነት እንምጣ። የፓርቲ አባል ለመሆን ብዙውን ጊዜ 14 ዓመት ይበቃል። ለመወዳደር ግን 18 ዓመት የሞላችሁ፣ የካናዳ ዜግነት ያላችሁና የኦንታሪዮ ነዋሪ መሆን አለባችሁ። የምርጫ አስፈጻሚው የሚጠይቀው የ25 መራጮች ፊርማ ብቻ ነው። 40 ሰብስቡ፤ ከፈረሙላችሁ ውስጥ አድራሻው ከመንገዱ ማዶ፣ በሌላ ክልል የሚገኝ ሰው አይጠፋም። ከባዱ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው ከተወሰነ ቀን በፊት አባል የሆነ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት የምዝገባው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ነው። 300 አባል አስመዝግቦ 80 ይዞ የመጣ፣ 120 አስመዝግቦ 100 ይዞ በመጣ ይሸነፋል። የልጆቻችን ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ምዝገባውን እንደ ድል ቆጥረው፣ በዚያ ምሽት ለአሮጊቷ እናት መኪና የሚልክ ሰው ሳይመድቡ ይቀራሉ። የሌላውን ሰው የአባልነት ክፍያ ከኪሳችሁ አትክፈሉ፤ ከውድድር ያስወጣል። የፓርቲው መሪም ውድድር ሳይደረግ እጩ ሊሾም ይችላል። ይህ ካጋጠማችሁ በንዴት በሩን ዘግታችሁ አትውጡ፤ ቀጣዩ ምርጫ ይመጣል።

የምርጫ ዘመቻው 4 ሳምንት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በር በማንኳኳት ነው። የቶሮንቶ መራጭ ብዙው በፎቅ ቤት ይኖራል፤ ጥበቃውም «አይቻልም» ይላችኋል። የኦንታሪዮ የምርጫ ሕግ ምርጫው ከታወጀ በኋላ 7ና ከዚያ በላይ መኖሪያ ያለው ሕንፃ ለእጩ እንዲከፈት ያስገድዳል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 3፣ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። ሕጉን አትማችሁ ያዙ፣ በጨዋነት አሳዩ። በአሳንሰር እስከ ላይኛው ፎቅ ውጡና በደረጃ እየወረዳችሁ ሥሩ፤ ሁለት ሰው ይሁን፣ አንዱ የኮሪደሩን ግራ፣ ሌላው ቀኙን ይያዝ። ወረቀታችሁ ላይ «ደጋፊ»፣ «ያልወሰነ»፣ «ተቃዋሚ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ በምርጫው ቀን የምትሄዱት ወደ መጀመሪያዎቹ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ ጉድ ይሠራል። «እንመርጥሃለን፣ ግባ ቡና ጠጣ» ያለ ሁሉ ደጋፊ አይደለም። «በስንት ሰዓት ትሄዳላችሁ? መኪና ላምጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓት ከነገረ ደጋፊ ነው፤ ፈገግ ብሎ ካለፈው ያልወሰነ ብላችሁ መዝግቡ። የሐበሻ በር ብቻ እየመረጣችሁም አታንኳኩ፤ በየትኛውም ክልል የእኛ ድምፅ ብቻውን ወንበር አያስገኝም።

ዴቪስ እንደተመረጠ አልተሾመም። ለ3 ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። በ1961 ለፓርቲ መሪነት በተደረገው ውድድር የሮበርት ማኮሌይን ዘመቻ መራ፣ ተሸነፈም። አሸናፊው ጆን ሮባርትስ በ1962 የትምህርት ሚኒስትር አደረገው። በተሸናፊው ወገን የቆመ ሰው የሚሾመው በዘመቻው ጊዜ ማንንም ካልሰደበ ነው፤ ይህን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ውላችሁ ለምታድሩት እናገራለሁ። ዛሬም ካቢኔውን የሚመርጠው ፕሪሚየሩ ነው፤ 124 ወንበር ባለው ምክር ቤት ከየአካባቢው ሰው ማሰባሰብ ስለሚኖርበት ጎበዙ ሁሉ አይደርሰውም።

በእነዚያ የኋላ ወንበር ዓመታት የሚሠራው ሥራ ኮሚቴ ነው። የሕግ ረቂቅ ሦስት ንባብ ያልፋል፤ አንቀጽ የሚለወጠው በአብዛኛው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ በኮሚቴ ነው። ምክር ቤቱ በስብሰባ ላይ ባለበት ወቅት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 4:30 ጀምሮ ያለውን የጥያቄ ሰዓት ኩዊንስ ፓርክ፣ የምክር ቤቱ ሕንፃ ድረስ ሄዳችሁ በነፃ ተመልከቱ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ኮሚቴ ግቡ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ታናሽ ካላችሁ ለምክር ቤቱ የተላላኪነት ፕሮግራም ያመልክት። ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ደግሞ የ10 ወር የሥራ ልምምድ አለ፤ ግማሹን ከመንግሥት ወገን፣ ግማሹን ከተቃዋሚ እንደራሴ ጋር ያሠራል። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

አሁን ወደ ሚኒስትርነቱ። ቢሮ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ዴፑቲ ሚኒስትር ፖለቲከኛ አይደለም፣ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ጊዜ እሱ ይቆያል። የሚያቀርብላችሁን ሰነድ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ያወጣል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይቃወማል፣ ሕግ መለወጥ ያስፈልጋል ወይስ ደንብ ይበቃል። «ማን ይከፍላል» የሚለውን ዴቪስ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1960 የወጣ የፌዴራል ሕግ ለሙያ ትምህርት ቤት ግንባታ እስከ 75 በመቶ ወጪ ይሸፍን ስለነበር፣ ኦንታሪዮ ጊዜው ሳያልፍ ብዙ ገነባች።

ኮሌጆቹም የመጡት እንዲሁ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም እንደማይቀበል፣ ፋብሪካውም ቴክኒሻን እንደሚፈልግ ግልጽ ነበር። ዴቪስ በሜይ 1965 የኮሌጆቹን ረቂቅ አቀረበ፤ በ1966 ሴንቴኒያል በስካርቦሮ የመጀመሪያው ሆኖ ተከፈተ፤ ከዚያም ነባር የቴክኒክ ተቋማት ጭምር እየተጠቃለሉ ሌሎቹ በፍጥነት ተከተሉ። ዛሬ 24 የመንግሥት ኮሌጆች አሉ። ጉድለቱም ከንድፉ ጋር ተወልዷል። እንደ አሜሪካኖቹ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገሪያ እንዲሆኑ ስላልታሰቡ፣ ኮርስ ማዛወር ለአሥርተ ዓመታት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። ሚኒስትሩ ያልጻፈው አንቀጽም ተማሪ ላይ እንዲህ ያርፋል።

በ1971 የገዢው ፓርቲ መሪና ፕሪሚየር ለመሆን በፓርቲው ውስጥ የተወዳደረው ዴቪስ አለን ሎረንስን በአራተኛው ዙር በ44 ድምፅ ብቻ አሸነፈ። ወዲያው ሎረንስን ካቢኔ ውስጥ አስገባ፣ ያን ጠንካራ የዘመቻ ቡድኑንም ለራሱ ወሰደ። ብዙ ምርጫ ያሸነፈለት ያ ቡድን ነው። በጁን ወር የስፓዳይና ፈጣን መንገድ እንዲቆም ወሰነ፤ ከተማ የሚሠራው ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለም ብሎ። ተሠርቶ የነበረው አለን ሮድ ነው፤ በቀረው መስመር የምድር ባቡር ሄደበት። ከ1975 እስከ 1981 አብላጫ ሳይኖረው ገዝቷል፤ በ1977 ከ125 ወንበር 58 ብቻ ነበረው። እንዲህ ያለ መንግሥት የሚቆየው ረቂቁን ለተቃዋሚ አስቀድሞ በማሳየት ነው።

ጉዳት ያመጡበት ይህን የተወባቸው ጊዜያት ናቸው። በ1981 መንግሥቱ የሳንኮርን የነዳጅ ኩባንያ 25 በመቶ በ650 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የራሱ ሰዎች ሳይቀሩ ተደናገጡ፣ ድርሻውም በኋላ በኪሳራ ተሸጠ። በጁን 1984 ደግሞ በ1971 እምቢ ያለውን ለካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙሉ በጀት የመስጠት ጉዳይ በድንገት ተቀበለ። በእኔ አስተያየት ውሳኔው ስህተት አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ጸንቷል። መሬቱ ግን አልተደላደለም ነበር። ዴቪስ በ1985 መጀመሪያ ሥልጣን ለቀቀ፤ ቁጣው ያረፈው በተተኪው በፍራንክ ሚለር ላይ ሲሆን፣ ፓርቲው ከ42 ዓመት በኋላ በዚያው ዓመት ከመንግሥት ወጣ። የዴቪስ ረዳት የነበረው ጆን ቶሪም በ2007 ለሌሎች እምነት ትምህርት ቤቶች በጀት እሰጣለሁ ብሎ ተወዳድሮ ተሸነፈ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዴቪስ ከሥልጣን ሲወርድ ወደ ጥብቅና ተመለሰ፤ መመለሻ ነበረው። ነርስ፣ ኢንጂነር ወይም የሒሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ ስትመረጡ ፈቃዳችሁን አታሰርዙ። ብዙ የሙያ ማኅበራት የማይሠራ አባልን በቅናሽ ክፍያ መዝገብ ላይ ያቆያሉ፤ ቅጹን ከቃለ መሐላው በፊት ሙሉ።