ለፍኖተ ሰላሙ መምህር፦ ከዓባይ በረሃ ይልቅ የቤትዎ ቆጣሪ ያሳስብዎ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጥያቄዎን ያየሁት ዘግይቼ ነው። በጻፉት መሠረት፣ ቪትስዎን ሸጠው የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አስበዋል፤ ወዳጆችዎ ግን «ዓባይ በረሃን አይወጣም፣ ባትሪው በሁለት ዓመት ይሞታል፣ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት አገር የመብራት መኪና ምን ይሠራል?» እያሉ አስፈርተውዎታል። በየሳምንቱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመላለሱ፣ ወንድምዎም በባጃጅ ሥራ ላይ እንደሆነ ገልጸዋል። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የሆነ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ የምጽፍልዎ በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ፣ በገዛ መንገዳችን ነድቼ ያየሁትን ነው።

ከዓባይ በረሃ ልጀምር፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ከደብረ ማርቆስ በሙሉ ባትሪ ተነሥቼ ደጀን ስደርስ ብዙውን ጊዜ 82 በመቶ አካባቢ ይቀረኛል። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ የፍሬን ፔዳሉን የምነካው ኩርባው ሲጠብ ወይም ከፊቴ ከባድ መኪና ሲያጋጥመኝ ብቻ ነው። መጀመሪያ የወረድኩ ዕለት ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ቁጥሩን ጮክ ብላ እያነበበች ነበር፦ 82፣ 84፣ 85። ድልድዩ ላይ 88 ሆነ። ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን ያለው ዳገት ጀመረና ቁጥሩ ወደ ታች ይሮጥ ገባ፤ አፋፉ ላይ ስንወጣ 69 ነበርን። ሒሳቡን ሲያዩት፣ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ጨምሮ በረሃውን ለመሻገር የጠፋው 13 በመቶ ነው። ያንኑ 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ብነዳው 10 በመቶ ያህል ይወስድብኝ ነበር። ዳገቱ የበላውን አብዛኛውን ቁልቁለቱ ከፍሎታል ማለት ነው። አዲስ አበባ የገባሁት ከ20 በመቶ ትንሽ ከፍ ባለ ባትሪ ነው።

ዳገት ላይ ስላለው ጉልበትም ወዳጆችዎ ተሳስተዋል። ያለ ቱርቦ (አየር መጭመቂያ) የሚሠራ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ማለት ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ 2,400 ሜትር ላይ ባለ ከተማ የእርስዎ ቪትስ ከጉልበቱ ሩብ ገደማ አጥቶ ነው የሚሄደው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ አይነካውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ ባትሪው ጢም ብሎ በሞላበት ሁኔታ ረጅም ቁልቁለት ከጀመሩ፣ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን በደንብ አይይዝም፤ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጎሃ ጽዮን አድሮ፣ እስከ መቶ ሞልቶ፣ ጠዋት በቀጥታ ወደ በረሃው መውረድ አይመከርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ማንም ስላላነሣው ገርሞኛል። መኪናውን ባመጣሁ ማታ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለና እምቢ አለ። ሻጩ ዘንድ ብደውል ስልክ የሚያነሣ ጠፋ። የተበላሸ ዕቃ ተሸጠልኝ ብዬ ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። በማግስቱ አንድ አረጋዊ ኤሌክትሪሽያን መጥተው ሶኬቱን ፈቱና በሞካሪያቸው ነካ ነካ አድርገው «ልጄ፣ ቻርጀሩ ደኅና ነው፤ ቤትህ ግራውንድ የለውም» አሉኝ፤ ያፈሰሰን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነበር። ቤቱ ሲሠራ ሁለት ሽቦ ብቻ ተጎትቶ ነበር። ግቢው ጥግ ጉድጓድ አስቆፍረን የመዳብ ዘንግ ተከልን፤ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላንበትና ሽቦውን ከሶኬቱ ጋር አገናኘነው። ቻርጀሩ አረንጓዴ በራ። መጋቢት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ቀዩ መብራት ተመልሶ መጣ፤ ጉድጓዱ ላይ ሁለት ጀሪካን ውኃ ባፈስስበት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ውኃ ማጠጣት ሥራዬ ሆኗል።

ሁለተኛው የቤት ችግር ሽቦው ነው። በሦስተኛው ወር አካባቢ ሳሎን ውስጥ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝና ብሮጥ ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ጠቁሮ ቀልጧል። ቻርጀሩ የሚስበው 10 አምፔር ቢሆንም ለዐሥር ሰዓት ያለማቋረጥ ነው የሚስበው፤ እንደ ምጣድ ሰዓት ሠርቶ አያርፍም። ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ሶኬት ያስፈልገዋል። ይህን ሳያሟሉ መኪናውን ወደ ግቢ አያስገቡ፤ እሳት ነው የምናወራው።

ሦስተኛው ቮልቴጁ ነው። በእኛ ሰፈር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ምድጃውንና ምጣዱን ሲለኩስ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 180 ይደርሳል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይወርዳል። ያኔ ቻርጀሩ ያቋርጣል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን ይስተካከላል፤ እኔም ሰዓቱን ለሌሊት ሞልቼ እተኛለሁ። በእንዲህ ዓይነት ሶኬት ከ20 በመቶ እስከ መቶ መሙላት አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ነገር ግን በከተማ ውስጥ በቀን 20 ወይም 25 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የዕለቱን ለመተካት ሁለት ሰዓት ይበቃል።

«መብራት ይጠፋል» የሚለው ሥጋት እውነት ነው፤ አላጣጥለውም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ የተዘጋበትን፣ መብራት ለቀናት የተቋረጠበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆኖም ያው ግጭት ነዳጅም አሳጥቶናል። ማደያዎች ባዶ ሆነው ቤንዚን በጀሪካን፣ በእጥፍ ዋጋ፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ሳይታወቅ ሲሸጥ ጎረቤቶቼ መኪናቸውን አቁመው ነበር። እኔ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የሞላሁት ባትሪ በከተማ ውስጥ ከሳምንት በላይ አስኬዶኛል። ለቤት መኪና ስለዚህ መብራት መቆራረጡ የሚታለፍ ነው። ለባጃጅ ግን አይታለፍም፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሠርቶ ለማደር በየሌሊቱ መሞላት አለበት፤ አንድ ሌሊት መብራት ከጠፋ የነገው እንጀራ ጠፋ ማለት ነው። ወንድምዎ በዚያ ሥራ ላይ ስለሆነ የእርስዎ ውሳኔ ለእሱ አይሠራም።

ከእኔ በፊት ለጥያቄዎ መልስ ከሰጡት አንዱ «ግማሹ ሕዝብ መብራት ሳያገኝ ለመኪና ኃይል መስጠት ግፍ ነው» ብለዋል። ይህን አባባል አከብረዋለሁ፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 100,000 የኤሌክትሪክ መኪናዎች እያንዳንዳቸው በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስዱ፣ በአማካይ የሚያስፈልገው ኃይል 21 ሜጋዋት አካባቢ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከጣና ውኃ የሚነሣው የበለስ ማመንጫ ብቻውን 460 ሜጋዋት ነው። ኃይሉ አለ። የጎደለው ከትልቁ መስመር ወደ ገጠሩ ቀበሌ የሚያወርደው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። ዓባይ ጎጃምን ዞሮ እየፈሰሰ የዳሞትና የጮቄ ሥር ልጆች በኩራዝ ማጥናታቸው የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው። የእኔ መኪና ባይሞላ ግን ያ ኩራዝ አይጠፋም። ቁጣችንን ማሰማት ያለብን በማከፋፈያው መስመር ላይ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ዐሥር መኪና ሲገባ የእኛው ትራንስፎርመርም መቃጠሉ አይቀርምና።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሲሆን እኔም ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ቅር ይለኛል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ነዳጅ በሙሉ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው፤ ውኃው ደግሞ የራሳችን ነው። ነገር ግን ክልከላው ከቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው፣ ከመካኒኩና ከመለዋወጫው ቀድሞ መጣ። በአዲስ አበባ ፈጣን ጣቢያዎች እየተከፈቱ ነው፤ በእኛ መንገድ ላይ ግን እስካሁን የምተማመነው በዘመድ ግቢና በሆቴል ሶኬት ነው። የተጠራጠሩ ሰዎችን «ኋላ ቀር» ብሎ መስደብም ተገቢ አይደለም፤ ያላቸውን ጥሪት በሙሉ የሚያወጡት እነሱ ናቸው።

ስለ ባትሪው በአጭሩ ልንገርዎ። በሁለት ዓመት አይሞትም። የእኔው ከሁለት ዓመት በኋላ በመመርመሪያ መሣሪያ ሲለካ ከመጀመሪያው አቅሙ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው፤ ባትሪዎች መጀመሪያ ላይ ትንሽ ፈጠን ብለው ይቀንሱና ከዚያ ይረጋሉ። ከሁለቱ ዋና ዓይነቶች የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን ይምረጡ፤ ክብደቱ ቢበዛም ዕድሜው ይረዝማል፣ በየጊዜው እስከ መቶ መሙላትም ብዙም አይጎዳውም። የሚያሳስበኝ ዋስትናው ነው። አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ለባትሪው 8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ በነጋዴ እጅ ተጭኖ ለመጣ መኪና ግን ያ ወረቀት እዚህ የሚሠራበት ቦታ የለም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ዕቃ ምን ያህል እንደናረ ያውቁታል።

የጥገናው ነገር ደግሞ ይህን ይመስላል፦ አንድ ቀን ጠዋት መኪናዬ በሩም አልከፈት አለ፤ ትልቁ ባትሪ 70 በመቶ እንደነበረ ነው። ጥፋቱ ከፊት ያለችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ሞታ ነው፤ ያለ እሷ መኪናው አይነሣም። አንድ ጎበዝ መካኒክ የብርቱካናማውን ኬብል ሊፈታ እጁን ሲሰድ በጩኸት ነው ያስቆምኩት፤ በዚያ ኬብል ውስጥ 400 ቮልት አካባቢ ያልፋል፤ ይገድላል። ትንሿን ባትሪ ከሌላ መኪና ጋር አገናኝተን ከፈትነው። በከተማችን እግሩን፣ ፍሬኑንና ጎማውን የሚሠራ አለ፤ ዋናውን ባትሪና ኤሌክትሮኒክሱን የሚከፍት ግን አዲስ አበባ ነው ያለው። ወደ ገጠር ወረዳዎች በጠጠር መንገድ አዘውትረው የሚወጡ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ባትሪው ከሆዱ ሥር ስለሆነ ድንጋይ አይወድም።

ወጪውን ራስዎ ያስሉት። መኪናዬ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ 17 ይሁን። ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ አብዝተን አንዱን በ10 ብር ብናስበው 170 ብር ነው። ቪትስዎ ለዚያው መንገድ ቢያንስ 6 ሊትር ይፈልጋል፤ ቤንዚን ደግሞ ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በማደያ ዋጋ እንኳ ከ100 ብር በላይ ነው።

ለእርስዎ ለራስዎ የምመክረው እንግዲህ ይህ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያደርጉት ሳምንታዊ መንገድ ምንም ችግር የለውም፤ ደርሶ መልሱን ባትሪው ከግማሽ ሳይጎድል ይጨርሱታል። አዲስ አበባ ግን ከፍኖተ ሰላም 385 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሻጩ «500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ቢልዎትም በአንድ ሙሊት አይሞክሩት፤ ቻይናዎቹ ርቀቱን የሚለኩበት መንገድ ለጋስ ነው። ደብረ ማርቆስ አድረው ሞልተው ይነሡ፤ ግቢዬ ክፍት ነው። ቪትስዎን ለገበያ ከማቅረብዎ በፊት ግን ኤሌክትሪሽያን ጠርተው ግራውንድ መኖሩን ያስፈትሹ፤ ከዚያ በርካሽ የሚገኝ የቮልቴጅ መለኪያ ገዝተው ለአንድ ሳምንት ከምሽቱ 2 ሰዓትና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግቡ። የሌሊቱ ቁጥር በተከታታይ ከ200 በታች ከሆነ መኪናውን ለአሁኑ ይተዉት። ቁጥሮቹን እዚሁ ይጻፉልኝና አብረን እናያቸዋለን።